ያውቁ ኖሯል? ሳይደክሙ የማረፍ ጥበብ

ብዙዎቻችን ለማረፍ ሥራው እስኪያልቅ እንጠብቃለን። ሥራ ደግሞ አያልቅም። ዕረፍቱ ወደ ነገ፣ ከነገ ወደ በዓል፣ ከበዓል ወደ ዓመት ፈቃድ ይገፋል። በዚህ መሃል እንቅልፍ ይሸሻል፤ በትንሽ በትልቁ መቆጣት ይመጣል፤ ድሮ የሚወዱት ሥራ ሳይቀር ያስጠላል። ከዚህ በታች ያሉት እውነታዎች ከቤተ ሙከራ፣ ከፋብሪካ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ከሕግና ከራሳችን ልማድ የተለቀሙ ናቸው። ሁሉም አንድ ነገር ይመሰክራሉ፦ አእምሮን ጤነኛ አድርጎ ለማቆየት በየዕለቱ ሳይደክሙ የሚወሰድ አጭር ፋታ፣ ከደከሙ በኋላ ከሚመጣ ረጅም ዕረፍት ይበልጣል።

አንጎል ሲደክም

◆ የአዋቂ ሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰውነት ከሚጠቀመው ጉልበት ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የሚገርመው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ቁጭ ሲሉ እንኳ ይህ ፍጆታ እምብዛም አይቀንስም።

◆ አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ማርከስ ራይክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን እንቆቅልሽ ሲመረምሩ፣ ሰው ከሥራው ፋታ ሲያገኝ ይበልጥ የሚነቁ የአንጎል ክፍሎች እንዳሉ አሳዩ። ያለፈውን ስናስታውስ፣ ስለ ነገ ስናስብ፣ የሌላውን ሰው ልብ ለመረዳት ስንሞክር የሚሠሩት እነዚህ ክፍሎች ናቸው። ፈዘዝ ብለው በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ አንጎልዎ ሥራ አልፈታም፤ ሌላ ጊዜ የማያገኝለትን ሥራ እየሠራ ነው።

◆ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል አንድ ችግር ገጠመው። የጠላትን ሰርጓጅ መርከብ በራዳር የሚጠብቁ ወታደሮች ሰዓቱ ሲረዝምባቸው ምልክቱ ከፊታቸው እያለ ያመልጣቸው ነበር። ተመራማሪው ኖርማን ማክወርዝ ሰዎች የሰዓት ቆጣሪ የሚመስል ነገር ላይ ለ2 ሰዓት ዓይናቸውን ተክለው እንዲቆዩ አደረገ። ዘንጉ አልፎ አልፎ አንድ እርምጃ ይዘልላል፤ የእነሱ ድርሻ ዝላዩን ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ውጤት፣ ንቃታቸው ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ እንደሚያሽቆለቁል አሳየ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሐሳቡ የሚበተንበት ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ሰው ነው።

◆ በፓሪስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ከ6 ሰዓት በላይ ከባድ የአእምሮ ሥራ የሠሩ ሰዎች ከግንባር በስተኋላ ባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ተከማችቶ አገኙ። ቀላል ሥራ የተሰጣቸው ላይ ይህ አልታየም። የደከሙት ሰዎች ምርጫቸውም ተለወጠ፤ ቶሎ ወደሚገኝና ልፋት ወደማይጠይቅ ጥቅም አዘነበሉ። ትልቅ ውሳኔ ለማታ አለማቆየት የሚበጀው ለዚህ ነው።

◆ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የንቃት ፈተና ሲሰጠው፣ ውጤቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። በብዙ አገሮች በዚህ መጠን መኪና መንዳት ያስቀጣል።

◆ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሲዘሉ ሐሳብዎ ሙሉ በሙሉ አብሮዎት አይሻገርም። ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው፣ ሳይጠናቀቅ የተተወ ሥራ ከትኩረታችን የተወሰነውን ይዞ ይቀራል። በሁለት ሥራዎች መካከል ትንሽ ቆም ማለት፣ የቀረውንም በወረቀት ማስፈር ይህን ጫና ያቀልላል።

◆ በሥራ ብዛት ተሟጥጦ ማለቅን መጀመሪያ በስሙ ጠርተው ከጻፉት አንዱ ሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1974 ሲሆን፣ ያየውም በኒው ዮርክ ነፃ ክሊኒክ ውስጥ ሌት ተቀን በሚለፉ በጎ ፈቃደኞች ላይ ነበር። ቀድመው የሚያልቁት ለሥራቸው ልባቸውን የሰጡት ናቸው።

◆ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ሁኔታ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ በዝርዝሩ አሰፈረው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጉልበት ተሟጥጦ ማለቅ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም መጥላት፣ በሥራም ውጤት ማጣት። ሦስቱን በራስዎ ላይ ካዩ አልሰነፉም፤ አርፈው አያውቁም ማለት ነው።

◆ የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ስሌት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከመሥራት ጋር በተያያዘ እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ 745,000 ሰዎች በስትሮክና በልብ ሕመም ሞተዋል። በሳምንት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸር የስትሮክ አደጋው 35 በመቶ ይጨምራል።

◆ በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት ይባክናሉ። ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ነው። ለሠራተኛው ዕረፍት የሚነፍግ አሠሪ ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ እየከሰረ ነው።

አጭር ፋታ ምን ይሠራል?

◆ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አትሱኖሪ አሪጋና አሌሃንድሮ ሌራስ እ.ኤ.አ. በ2011 ሰዎችን ለ50 ደቂቃ አሰልቺ ሥራ አሠሩ። ሳያቋርጡ የሠሩት እየቆዩ ደከሙ። በመካከል ሁለት ጊዜ ብቻ ለአጭር ቅጽበት ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ነገር እንዲያዞሩ የተደረጉት ግን እስከ መጨረሻው እንደ አጀማመራቸው ዘለቁ።

◆ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ2,300 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው ጥናቶች በአንድ ላይ ሲገመገሙ፣ ከ10 ደቂቃ የማይበልጥ ፋታ ጉልበትን እንደሚጨምርና ድካምን እንደሚቀንስ ታየ። ከባድ ጭንቅላት የሚጠይቅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ግን ውጤታቸው እንዲሻሻል ረዘም ያለ ፋታ ያስፈልጋቸዋል። የሒሳብ መዝገብ የሚዘጋና ዕቃ የሚያሽግ ሰው እኩል ደቂቃ አይበቃቸውም።

◆ ሰው የሚማረው ሲለማመድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሰዎች በግራ እጃቸው አምስት ቁጥሮችን በቅደም ተከተል መተየብ ተለማመዱ፤ 10 ሰከንድ ይሠራሉ፣ 10 ሰከንድ ያርፋሉ። ፍጥነታቸው የጨመረው በዋናነት በዕረፍቱ ሰከንዶች ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ቀጣይ ጥናት ምክንያቱን አሳየ፦ እጅ ሲያርፍ አንጎል ያንኑ ልምምድ 20 እጥፍ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ለራሱ ይደግመዋል።

◆ እ.ኤ.አ. በ2012 በስኮትላንድ በተደረገ ጥናት አረጋውያን ሁለት አጫጭር ታሪኮች አዳመጡ። ከአንዱ በኋላ ወዲያው በደብዛዛ ክፍል ውስጥ ለ10 ደቂቃ አረፉ፤ ከሌላው በኋላ በኮምፒዩተር ጨዋታ ተጠመዱ። ከ7 ቀን በኋላ እንኳ የተሻለ ያስታወሱት ዕረፍት የተከተለውን ታሪክ ነበር። ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ደብተሩን ከማውጣቱ በፊት ጥቂት ቢቀመጥ አይጎዳም።

◆ በዴንማርክ 2 ሚሊዮን ያህል የተማሪዎች ፈተና ሲመረመር፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር ውጤት ትንሽ በትንሹ ሲቀንስ፣ ከፈተና በፊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዕረፍት ሲኖር ግን ሲያገግም ታየ። በፊንላንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ45 ደቂቃ ትምህርት በኋላ 15 ደቂቃ ዕረፍት መስጠት የተለመደ ነው። ከጨዋታ ሰዓቱ እየቀነሰ የሚያስጠና ትምህርት ቤት ልጆቹን እየረዳ አይደለም።

◆ በጀርመን ሃኖቨር የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች በየ25 ደቂቃው ለ5 ደቂቃ ሥራቸውን አቁመው እንዲያርፉ ተደረገ። የጭንቀት ሆርሞናቸው ቀነሰ፤ ስሕተታቸውም ቀነሰ። ቀዶ ሕክምናው ግን አልረዘመም። የሰው ሕይወት በእጁ የያዘ ሐኪም ለማረፍ ጊዜ ካገኘ፣ ሁላችንም እናገኛለን።

◆ የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ የረጅም በረራ አብራሪዎች በየተራ በመቀመጫቸው ላይ ሸለብ እንዲሉ ፈቅዶ ፈተናቸው። በአማካይ 26 ደቂቃ ተኙ። ብቃታቸው በ34 በመቶ፣ ንቃታቸው በ54 በመቶ ተሻሻለ።

◆ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ እየተራመዱ ያሰቡ ሰዎች ያፈለቁት አዲስ ሐሳብ ተቀምጠው ካሰቡት በአማካይ በ60 በመቶ በልጧል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖንካሬም ለረጅም ጊዜ የታገለው ጥያቄ መልሱ የመጣለት ሥራውን ትቶ ለጉብኝት ወጥቶ ሳለ፣ እግሩን ሠረገላ ላይ ሲያነሣ እንደነበር ተርኳል።

◆ በበርሊን የሙዚቃ ተማሪዎችን ያጠኑት አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 እንደጻፉት፣ ምርጦቹ ቫዮሊን ተጫዋቾች ልምምዳቸውን በክፍል በክፍል ከፍለው በመካከሉ ያርፋሉ፤ ከደካሞቹም ይልቅ የሚተኙት እነሱ ናቸው። ጠንክሮ መሥራትና ማረፍ የተጣሉ መስለው ይታዩናል፤ ጎበዞቹ ግን ሁለቱን አብረው ይዘዋል።

መቼ ይታረፍ?

◆ በአሜሪካ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ95 ሠራተኞችን ዕረፍት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳወቁት፣ ረፋድ ላይ የተወሰደ ፋታ ከሰዓት በኋላ ከተወሰደው ይበልጥ ጉልበት ይመልሳል። እስኪዝሉ የጠበቁ ሰዎች ለማገገም ረዘም ያለ ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ፋታም ቀድሞ ካልታሰበበት በጥድፊያ መሃል አይገኝም።

◆ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ ማጥናት አቃተው። የቲማቲም ቅርጽ ያለው የማዕድ ቤት ሰዓት አምጥቶ እስኪጮህ ድረስ ብቻ ለማጥናት ከራሱ ጋር ተስማማ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት የሚለው ዘዴ የተወለደው ከዚያ ነው።

◆ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 የ14 ሰዎችን የአንጎል ሞገድ እየለካ በኮምፒዩተር ስብሰባ አስቀመጣቸው። ስብሰባ ከስብሰባ ሲያያዝ የጭንቀት ምልክቱ እየተደራረበ ሄደ። በመካከል 10 ደቂቃ ሲያርፉ ግን አልተደራረበም።

◆ ረጅም ዕረፍት ልብን ያሳርፋል፤ ግን ብዙ አይቆይም። በኔዘርላንድስ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በዓመት ፈቃድ የተገኘው ደስታ 8ኛው ቀን አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፤ ወደ ሥራ በተመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ዓመት ፈቃድዎን አይተዉ፤ ለዓመቱ ሁሉ ይበቃኛል ብለውም አይታመኑበት።

◆ በአውሮፓ ኅብረት የከባድ መኪና ሾፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው። ደንቡ ደክሞኛል እስኪል አይጠብቀውም። የደከመ ሰው ድካሙን ራሱ መለካት ያቅተዋልና።

ዕረፍት የሚመስሉ፣ ግን የማያሳርፉ

◆ ስልክ፦ በአሜሪካ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ 414 ተማሪዎች የቃላት እንቆቅልሽ ሲፈቱ በመካከል ዕረፍት ተሰጣቸው። ዕረፍቱን በስልካቸው ያሳለፉት ሲመለሱ 19 በመቶ የበለጠ ጊዜ ፈጀባቸው፤ የፈቱትም 22 በመቶ ያነሰ ነበር። ከኮምፒዩተር ወደ ቲክቶክ የዞረ ዓይን ቦታ ቀየረ እንጂ አላረፈም።

◆ ቡና፦ ካፌይን ድካምን አያስወግድም። በአንጎላችን ውስጥ ደክሞሃል የሚለውን አዴኖሲን የተባለ መልእክተኛ በሩን ይዘጋበታል። መልእክቱ ግን ውጭ ይከማቻል። ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ የ11 ሰዓቱ ስኒ እስከ ሌሊት አብሮዎት ሊቆይ ይችላል።

◆ ጫት፦ በውስጡ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። ድካምና ረኃብን ያስረሳል፤ እንቅልፍን ያባርራል። ለፈተና የሚያነብ ተማሪና ሌሊት የሚነዳ ሾፌር ጉልበት ያገኙ ይመስላቸዋል። ያገኙት ግን ብድር ነው፤ የሚከፈለውም በእንቅልፍና በስሜት መረበሽ ነው።

◆ መጠጥ፦ አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ግን በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍን ይቆራርጣል። ጭንቀት ለመርሳት ጠጥቶ የተኛ ሰው ደክሞ የሚነሣው ለዚህ ነው።

የሚያሳርፍ ዕረፍት

◆ በአውስትራሊያ ሜልበርን 150 ተማሪዎች ከሥራቸው መሃል ለ40 ሰከንድ ብቻ ሣርና አበባ የለበሰ ጣሪያ ምስል አዩ። ባዶ የሲሚንቶ ጣሪያ ካዩት ይልቅ ሲመለሱ ስሕተታቸው አነሰ። 40 ሰከንድ የሌለው ሰው የለም።

◆ አሜሪካዊው ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን በሽተኞች አነጻጸረ። በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው፣ የጡብ ግንብ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ።

◆ በእንግሊዝ 20,000 ያህል ሰዎች የተጠየቁበት የ2019 ጥናት (እ.ኤ.አ.) በሳምንት በድምሩ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ መሃል የሚያሳልፉ ሰዎች የተሻለ ጤናና የመንፈስ ደኅንነት እንዳላቸው አገኘ። ሁለት ሰዓቱን በአንድ ቀን መጨረስም፣ በየቀኑ መከፋፈልም ይቻላል። ለአዲስ አበባ ሰው እንጦጦ ሩቅ አይደለም፤ ለሐዋሳ ሰው ሐይቁ፣ ለባሕር ዳር ሰው የጣና ዳርቻ አለለት።

◆ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች "መንገድ ለሰው" በሚል ስም፣ በተወሰኑ እሑዶች ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ተከፍተዋል። ልጆች በአስፋልት መሃል ሲሮጡ ያየ ሰው ከተማም ፋታ እንደሚያስፈልጋት ይረዳል።

◆ ኮምፒዩተር ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ነው። የዓይን ሐኪሞች ምክር ቀላል ነው፦ በየ20 ደቂቃው፣ ለ20 ሰከንድ፣ 6 ሜትር ያህል የሚርቅ ነገር ይመልከቱ።

◆ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2023 በ11 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ለ5 ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድ ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የደም ስኳር መጨመር በ58 በመቶ ቀነሰው። ድካሙም ቀለለ፤ ስሜታቸውም ተሻሻለ።

◆ በቀን 5 ደቂቃ ብቻ፣ በአፍንጫ ሁለት ጊዜ አከታትሎ አየር መሳብና በአፍ ረዘም አድርጎ ማስወጣት። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው የስታንፎርድ ጥናት ይህን ለአንድ ወር ያደረጉ ሰዎች ስሜታቸው ተሻሻለ፤ አተነፋፈሳቸውም ረጋ አለ። ዋጋ የለውም፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመውም ይሠራል።

ዕረፍት በሃይማኖታችንና በልማዳችን

◆ በኢትዮጵያ ስለ ዕረፍት ቀን ትልቅ ክርክር ተደርጓል፤ ሰውም ተሰድዷል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር ብለው በመጽናታቸው አገር ለቀው በአርመን ምድር ዐረፉ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጠሩት የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ።

◆ ቤተ እስራኤላውያን ሰንበትን የሚያከብሩት በጥብቅ ነው። ምግቡ ዓርብ ይዘጋጃል፤ በሰንበት እሳት አይነድም። ዛሬ በሚኖሩባት እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ ለሠራተኛ በሳምንት ያልተቋረጠ የ36 ሰዓት ዕረፍት ይደነግጋል።

◆ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ ሥራውን አቁሞ ይሰግዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ ምሳ ሰዓት የሚረዝመውም ለጁምዓ ነው። ጸሎቱ ለፈጣሪ ነው፤ ቀኑ በየተወሰነ ሰዓት ቆም እንዲል ማድረጉ ግን ለሚጸልየውም ይጠቅማል።

◆ በገጠር በወር በወሩ የሚከበሩ በዓላት፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ ሞፈርና ቀንበር ይሰቀላል። በሥራ ቀንም ቢሆን ፀሐይ ሲከር ገበሬው በሬዎቹን ፈትቶ ጥላ ሥር ያሳርፋል። ያላረፈ በሬ ለነገ እንደማይሆን ከማንም ሳይማር ያውቃል።

◆ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናችን ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ሦስት ጊዜ እስኪቀዳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ከላይ ስለ ካፌይን የተባለው እንዳለ ሆኖ፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ ስልክ አስቀምጦ፣ የልብን ተጨዋውቶ መነሣት ከጥሩ ዕረፍቶች አንዱ ነው። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ ከእሳቱ ዳር የማትነሣዋ ቡና የምታፈላዋ ናት። በተራ ማፍላት ይቻላል።

ዕረፍት በሕግ

◆ እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 24 ማንኛውም ሰው የዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም የሳምንት ዕረፍትን ለኢንዱስትሪ ሠራተኞች በስምምነት ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው።

◆ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጥይት ፋብሪካዎች ሠራተኞች እሑድንም ጨምረው ይሠሩ ነበር። መንግሥት ያቋቋመው የጤና ኮሚቴ ነገሩን ሲመረምር፣ የእሑድ ሥራ ምርት እንዳልጨመረ ተገነዘበ። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ አሜሪካዊው መኪና አምራች ሄንሪ ፎርድ በፋብሪካዎቹ የአምስት ቀን የሥራ ሳምንት ጀመረ።

◆ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ የመዝናኛ ጊዜና ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

◆ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የሳምንት ዕረፍት ሳይቋረጥ ከ24 ሰዓት አያንስም። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል።

◆ በዚሁ አዋጅ ሠራተኛው የዓመት ፈቃዴን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም። በልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥም ክልክል ነው። ሕጉ ዕረፍትን ለገበያ የማይቀርብ ነገር አድርጎታል።

◆ በዓረብ አገር ቤተሰብ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው። የኳታር የ2017 የቤት ሠራተኞች ሕግ (እ.ኤ.አ.) የሥራ ሰዓት በመርሕ በቀን ከ10 እንዳይበልጥና በሳምንት 24 ሰዓት የሚከፈልበት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሕግም የሳምንት የዕረፍት ቀንና በቀን የ12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ቢያንስ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆን ይላል። በብዙ ቤት ይህ ሲጣስ እናውቃለን። መብቱ መኖሩን ማወቅ ግን ለመጠየቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

◆ በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ከ50 በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች፣ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክና ኢሜይል ያለመመለስ መብቱን በተመለከተ መደራደር ግዴታቸው ነው። ማታ በቴሌግራም ትእዛዝ የምትልኩ አለቆች፣ መልእክቱ እስከ ጠዋት ሊቆይ ይችላል።

ከዛሬ ጀምሮ

◆ ፋታዎን እንደ ቀጠሮ ይያዙት። ረፋድ ላይ አንድ፣ ከሰዓት አንድ። ሲደርስ ከወንበርዎ ይነሡ፤ ስልክዎን ጠረጴዛው ላይ ይተዉ።

◆ ምሳዎን ከሥራ ቦታዎ ርቀው ይብሉ። ከሰው ጋር ቢሆን ይመረጣል፤ የሥራ ወሬ ባይነሣ ደግሞ ይበልጥ።

◆ ሥራ ሲጨርሱ የቀረውን በወረቀት ጽፈው ይዝጉ። ወረቀቱ ያስታውስልዎታል።

◆ ዕረፍት ሁሉን አያድንም። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ የሚከብድ ሐዘን፣ ደስ ይልዎ በነበረው ነገር ደስታ ማጣት፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት ካለ፣ ድብርት ሊሆን ይችላልና ባለሙያ ያማክሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ አንድም ቀን አይጠብቁ። የአእምሮ ሕክምና ከአማኑኤል ሆስፒታል ውጭም በብዙ ሆስፒታሎች ይሰጣል። መታከም አያሳፍርም።

◆ የመጨረሻው፣ ብዙዎች የማያውቁት እውነታ ይህ ነው። በግለሰብ ቤት የተቀጠሩ የቤት ሠራተኞች ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ወሰን ውጭ ናቸው። 16ቱ ቀንም፣ የሳምንቱ 24 ሰዓትም በዚህ አዋጅ አልተጠበቀላቸውም። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ እኩለ ሌሊት የምትተኛዋ ልጅ ዕረፍት ያለው በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ ይህን ያነበቡ ሁሉ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ይወስኑ፦ ነገ ራስዎ የሚያርፉበትን ሰዓት፣ በቤትዎ ያለችው ሠራተኛ በየሳምንቱ የምታርፍበትን ቀን። ቀኑን ይንገሯት፤ ደመወዟንም አይንኩ።